ልቡ የታመመ ሰው በኦፕራሲዮን አልጋ ላይ እንዴት ይተኛል?

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



ሰው ኦፕራሲዮን ይደረግልሃል ተብሎ ቀን በተቆረጠለት ጊዜ አስቀድሞ የሚፈራው ምላጩን ነው። ከምላጩ ቀጥሎ የሚፈራው ማደንዘዣውን ነው፤ «እንደ ተኛሁ ብቀርስ?» የሚለው ሥጋት በየቤቱ ይሰማል። ነገር ግን ተኝቶ ሳለ ገላው በምን አኳኋን እንደሚጋደም፥ ራሱ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ ይበል፥ በጀርባው ይሁን ወይስ በሆዱ፥ እግሮቹ ይሰቀሉ ወይስ ይዘርጉ ብሎ የሚጠይቅ ሕመምተኛ እምብዛም አይገኝም። ልቡ ደኅና ለሆነ ሰው ይህ ጥያቄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ልቡ ለታመመ ሰው ግን አተኛኘቱ ከመድኃኒቱ መጠን ባላነሰ የሚታሰብበት ጉዳይ ነው። በዚህ ንግግር ለመግለጽ የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ደም ፈሳሽ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ውሃ በግማሽ የተሞላ ስልቻ ቢያቆሙት ውሃው ከታች ይከማቻል፥ ከላይ ያለው ቆዳ ይጨማደዳል፤ ቢያጋድሙት ግን ውሃው ከዳር እስከ ዳር ይተኛል። የሰውም ገላ በዚህ ረገድ ከስልቻው ብዙ አይለይም። ከተጋደምንበት ስንነሣ ግማሽ ሊትር፥ ከዚያም የሚበልጥ ደም ከደረታችን ወደ እግራችንና ወደ ሆዳችን ይወርዳል፤ በተኛን ጊዜ ደግሞ ያው ደም ተመልሶ ወደ ደረት ይመጣና ልብን ይሞላል። ይህ ሁሉ በየቀኑ ሲደረግ የማይታወቀን ጠባቂ ስላለን ነው። በአንገት የደም ሥሮችና ከልብ በሚወጣው በታላቁ የደም ሥር ላይ የሚገኙ ነርቮች የደሙን ግፊት ሌት ተቀን ይለካሉ። ግፊቱ የጎደለ እንደሆነ ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ አንጎልም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የልብን ምት ያፈጥናል፥ የደም ሥሮችንም ያጠብባል። ከወንበር ብድግ ስንል አንዳንድ ጊዜ ዐይናችን ጭልም የሚለው ይህ ጠባቂ ጥቂት የዘገየ እንደሆነ ነው።

ማደንዘዣ በተሰጠ ጊዜ እንግዲህ የሚተኛው ሕመምተኛው ብቻ አይደለም፤ ጠባቂውም አብሮ ያንቀላፋል። መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ያላላል፥ የልብን ጉልበት ይቀንሳል፥ የነርቮቹንም መልስ ያዘገያል። ነቅቶ ሳለ ጎኑ ሲደነዝዝ የሚገላበጥ፥ ትንፋሽ ሲያጥረው ቀና ብሎ የሚቀመጥ ሰው፥ ከተኛ በኋላ «ራሴን ቀና አድርጉልኝ» ብሎ አይናገርም። ስለዚህ ስለ አተኛኘቱ የሚያስብለት ሌላ ሰው ነው፤ ይኸውም ከራስጌው የማይለየው የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። ጋዜጦቻችን ስለ ቀዳጁ ሐኪም ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለዚህኛው ግን የሚጽፉት ጥቂት ነው።

የማደንዘዣ ታሪክ ራሱ ከአተኛኘት ጋር የተያያዘ አንድ አሳዛኝ ነገር አለው። ኤተር በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በሰው ፊት የታየው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1846 ነው፤ ክሎሮፎርምም በኤዲንብራ በ1847 ተከተለ። ወዲያው በጥር ወር 1848 በሰሜን እንግሊዝ አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ የእግሯን ጥፍር ለማስነቀል ክሎሮፎርም ሲሰጣት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ሐኪሟ በኋላ በጻፈው ቃል እንደሚነበበው ልጅቱን ያደነዘዛት በወንበር ላይ አስቀምጦ ነበር። የሞቷ ምክንያት ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ይሁን እንጂ ክሎሮፎርም የልብን ምት እንደሚያዛባ ኋላ ተረጋግጧል፤ ሰውን ተቀምጦ ሳለ በእርሱ ማደንዘዝም አደገኛ መሆኑ በሐኪሞች መጻሕፍት ተጽፏል። ዛሬ በኦፕራሲዮን ቤት ክሎሮፎርም የለም፤ የስልቻው ሕግ ግን አልተሻረም።

አሁን ወደ አገራችን ነገር እንመለስ። በአውሮፓና በአሜሪካ ለኦፕራሲዮን የሚቀርበው የልብ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ ልብን የሚመግቡት ደም ሥሮች የጠበቡበት ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። በእኛም አገር ይህ በሽታ እየታየ ቢሄድ፥ ገና በጎልማሳነቱ፥ እንዲያውም በልጅነቱ የልቡ ቫልቭ የተበላሸበት ሰው ብዙ ነው። መነሻው የጉሮሮ ሕመም ነው፤ በተለምዶ «ቶንሲል» የምንለው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ረቂቅ ተሕዋሲ ያስነሣው ቁስል በጊዜው በፔኒሲሊን ሳይታከም ሲቀር፥ ገላ ያንን ጠላት ለመዋጋት ያሰለፈው ኃይል በአንዳንዱ ልጅ ላይ ተመልሶ የገዛ ልቡን ይወጋል። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ ምንም አይረዳም፤ ትርፉ የደም መፍሰስና የቁስል መመረዝ ነው።

በዚህ በሽታ አብዝቶ የሚጎዳው በልብ በግራ በኩል ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያሳልፈው በር ነው፤ ሐኪሞች ሚትራል ቫልቭ ይሉታል። በጤነኛ ጎልማሳ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከ1.5 በታች የወረደ እንደሆነ ጥበቱ ከባድ ይባላል። በጠባብ በር ብዙ ሕዝብ ሊያልፍ ሲጋፋ ወረፋው ወደ ኋላ እንደሚረዝም፥ ደሙም ወደ ኋላ፥ ወደ ሳንባ ይከማቻል። ሕመምተኛው ቀና ብሎ በተቀመጠ ጊዜ ከፊሉ ደም በእግሮቹ ስለሚቆይ ሳንባው ይቀለዋል። በጀርባው በተጋደመ ጊዜ ግን ያ ግማሽ ሊትር ወደ ደረት ይመጣል፤ በሩ አያሳልፈውም፤ ሳንባው ውሃ ያቁራል፤ ትንፋሽም ያጥራል። ሌሊት ሁለትና ሦስት ትራስ ደራርቦ የሚተኛ፥ አንዳንዴም ግድግዳ ተደግፎ የሚያነጋ ሰው በየሰፈሩ የሚገኘው ስለዚህ ነው። «አስም ነው» እየተባለ ዓመታት የሚያሳልፍም አለ።

ለምሳሌ ያህል በአራዳ የሚኖር አንድ የመዝገብ ቤት ሹም እናስብ። ቡአ ኖሮት ለኦፕራሲዮን ቀን ተቀጥሮለታል። ከቀኑ በፊት የማደንዘዣ ባለሙያዋ ጠርታ «ጋሼ፥ ሌሊት በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?» ትለዋለች። እርሱም ቀጠሮው እንዳይሰረዝበት ስለሚሠጋ «ኧረ አንድ ይበቃኛል» ይላል። ባለቤቱ ግን ከጎኑ ሆና፥ «እኔ ልንገርሽ የኔ ልጅ፤ ሦስት ደርቦ ነው፤ ያም አልሆን ሲለው ተቀምጦ ያነጋል» ትላለች። እዚህ ላይ ሚስቲቱ ለባሏ ከማናቸውም መሣሪያ የሚበልጥ አገልግሎት አደረገችለት። ይህን ቃል የሰማች ባለሙያ ልቡን በድምፅ ሞገድ ሳታስመረምር ወደ ኦፕራሲዮን ቤት አታስገባውም። ሳንባው ውሃ ያቆረ እንደሆነ ውሃው በመድኃኒት እስኪቀንስ ድረስ ቀኑ ይራዘማል። ጊዜው በደረሰም ጊዜ አልጋው ከራስጌው ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። ያን ቃል ባትሰማ ኖሮ ሰውዬው እንደ ማንኛውም ሰው ዝርግ ሆኖ ይጋደም ነበር፤ ነገሩም የሚታወቀው ከደነዘዘ በኋላ ከአፉ አረፋ ሲወጣ ነበር።

ሐኪሞች የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ ይወጣሉን?» የሚል ነው። ለአዲስ አበባ ሰው፥ በተለይም ለአራዳ ሰው፥ ለዚህ ጥያቄ ፎቅ መፈለግ አያሻውም። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዐቀበት፥ ወይም የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ያለ ዕረፍት ይወጡ እንደሆነና እንዳልሆነ ራስዎን ይጠይቁ። ዓምና ሳያርፉ ይወጡት የነበረውን ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ቆመው የሚወጡት ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ። በ2016 ዓ.ም. ብዙው የፒያሳ አሮጌ ቤት ፈርሷል፤ ዐቀበቱ ግን እንደ ነበረ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፥ የአየሩ ግፊት እንደ ምጽዋ ባለ የባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ እንግዲህ በያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን ያንኑ ያህል ያነሰ ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ለምዶት ይኖራል። ሳንባው ደም የተጨናነቀበት ሰው ግን በጀርባው ተጋድሞ ሲደነዝዝ የኦክሲጅኑ ተቀማጭ ቶሎ ያልቅበታል።

«ሙሉ ማደንዘዣ የሚያሠጋ ከሆነ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው መርፌ አይሻልምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ በሆስፒታሎቻችንም በጣም የተለመደ ነው። ነገር ግን እርሱም የአተኛኘት ባሪያ ነው። ቡፒቫኬይን የተባለው መድኃኒት ለዚህ ሥራ በአብዛኛው የሚዘጋጀው ከስኳር ጋር ተደባልቆ፥ በአከርካሪ ውስጥ ካለው ፈሳሽ እንዲከብድ ሆኖ ነው። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ከባድ ነገር ወደ ዘቀዘቀበት ይሄዳል። መርፌው ከተሰጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ራስጌው ዝቅ ያለ እንደሆነ መድኃኒቱ ወደ ደረት ይወጣል። እዚያም ልብን የሚያፈጥኑትንና ደም ሥሮችን የሚያጠብቡትን ነርቮች ያደነዝዛል፤ ግፊቱ ይወድቃል፥ የልብም ምት ይዘገያል። ከልብ ወደ ታላቁ የደም ሥር የሚያሳልፈው በር ለጠበበበት ሰው ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ልቡ ራሱን የሚመግብበት ደም በግፊቱ ላይ የተመሠረተ ነውና፥ ግፊቱ ሲወድቅ ልቡ ይራባል፥ የተራበ ልብም ይበልጥ ይደክማል፥ ግፊቱም ይበልጥ ይወድቃል። ለእንዲህ ያለው ሰው ባለሙያው አንድም መርፌውን ይተወዋል፥ አንድም በቀጭን ቱቦ ጥቂት በጥቂት እየሰጠ ግፊቱን በየደቂቃው ይለካል።

ግፊት በወደቀ ጊዜ ራስጌን ዝቅ፥ ግርጌን ከፍ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ይህ አተኛኘት በጀርመናዊው ሐኪም በፍሪድሪሽ ትሬንደለንበርግ ስም ይጠራል፤ እርሱ ግን የተጠቀመበት ከእንብርት በታች ላለው ኦፕራሲዮን አንጀት ወደ ላይ ተንሸራትቶ ቦታ እንዲለቅለት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደም ለፈሰሰው ቁስለኛ ሁሉ ይደረግ ጀመር፤ ኋላ ሲመረመር ጥቅሙ ትንሽና አላፊ ሆኖ ተገኘ። ልቡ ለደከመ ሰው ደግሞ ጉዳት ነው፤ መሸከም ያቃተውን አህያ ጭነት እንደ መጨመር ይሆናል። የሆድ ዕቃ ወደ ሳንባ ይገፋል፥ የሳንባው ደም ይጨምራል፥ ፊትና ምላስ ያብጣሉ። ሐኪሙ ከእንብርት በታች ሲሠራ ይህን አተኛኘት ሳይፈልገው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ተመካክረው የማዘንበያውን ልክ ጥቂት ያደርጉታል፥ አልጋውንም ቀስ እያሉ ያወርዱታል።

እግር ተሰቅሎ የሚደረገውም ኦፕራሲዮን፥ ለምሳሌ የፕሮስቴት፥ ተመሳሳይ ጣጣ አለው። እግሮቹ ሲሰቀሉ የእግር ደም ወደ ልብ ይጎርፋል። ሥራው አልቆ እግሮቹ በሚወርዱበት ጊዜ ደግሞ ያው ደም ባንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ለሁለት ሰዓት ደኅና የነበረው ግፊት በዚያች ቅጽበት ሊወድቅ ይችላል። ሁሉም «አለቀ» ብሎ ጓንቱን በሚያወልቅበት ሰዓት መሆኑ ነው ክፋቱ። ስለዚህ ሁለቱንም እግር አጋጥሞ ቀስ ብሎ ማውረድ፥ ከዚያም ግፊቱን ደግሞ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ስለ ነፍሰ ጡር ሴቶች ጥቂት ልናክል ይገባል፤ የልብ በር መጥበብ መኖሩ በብዙዎቹ ላይ የሚገለጸው በእርግዝና ጊዜ ነውና። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ሴትዮዋ በጀርባዋ ስትጋደም ማኅፀኗ ከታችኛው ገላ ደም የሚያመጣውን ታላቁን ሥር ይጫነዋል፥ ወደ ልቧ የሚመለሰውም ደም ይጎድላል። ስለዚህ በኦፕራሲዮን ስትወልድ ከቀኝ ዳሌዋ ሥር ድጋፍ ተደርጎ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ትጋደላለች፤ ልቧ የታመመ እንደሆነ ደግሞ ራስጌዋም ከፍ ይላል። ሕፃኑ በወጣ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ተጭኖ የነበረው ሥር ይከፈታል፥ ማኅፀኑም ተኮማትሮ በውስጡ የነበረውን ደም ወደ ልብ ይሰድዳል፤ የጠበበው በር ይህን ሁሉ ለማሳለፍ አይችልም። የሳንባ ውሃ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንግዲህ ዘመድ እልል ካለ በኋላ ባሉት ሰዓቶች ነው። እንዲህ ያለችው እናት ከወለደች በኋላም ቀና ብላ፥ ዐይን ሳይለያት መቆየት አለባት።

በሆድ ተደፍቶ ስለሚደረገው የጀርባ ኦፕራሲዮን ብዙ አንናገርም። ደረቱና ዳሌው በድጋፍ ላይ ሆነው ሆዱ ነጻ መንጠልጠል አለበት፤ ሆዱ ከተጫነ ደም ወደ ልብ አይመለስም፤ ልብ ቀጥ ያለ እንደሆነም በዚያ አኳኋን ደረቱን ጨፍልቆ ለማነቃቃት አስቸጋሪ ነው። ተቀምጦ የሚደረገው የአንጎልና የትከሻ ኦፕራሲዮን ግን አንድ ስሌት አለው። ከልብ በላይ ለሚገኘው ለያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የደሙ ግፊት በ0.77 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይቀንሳል። አንጎል ከልብ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፥ በክንድ ላይ የተለካው ግፊት በአንጎል 15 ያህል ጎድሎ ይገኛል ማለት ነው። በክንዱ የተለካውን ቁጥር ብቻ አይቶ ደኅና ነው ያለ ሰው ይሳሳታል።

አተኛኘት ግን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ከልደታቸው ጀምሮ ልባቸው የተበላሸ፥ ከንፈራቸው የሚጠቁር ሕፃናት አሉ፤ ሮጠው ሲደክሙ ማንም ሳያስተምራቸው ቁጢጥ ይላሉ። ቁጢጥ ሲሉ የእግራቸው ደም ሥሮች ይታጠፋሉ፥ ወደ ታችኛው ገላ ያለው መንገድ ይከብዳል፥ ደሙም ወደ ሳንባ ማለፍ ይመርጣል። እንዲህ ያለው ሕፃን በማደንዘዣ ውስጥ ሳለ ገላው የጠቆረ እንደሆነ ባለሙያው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ከሕፃኑ የተማረው ነው፤ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አጥፎ ይይዛቸዋል። ለእንደነዚህ ያሉት ልጆችና ቫልቫቸው ለተበላሸ ወጣቶች በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተጀመረው የርዳታ ድርጅት ብዙዎችን ወደ ውጭ አገር እየላከ ሲያሳክም ከቆየ በኋላ፥ በ2001 ዓ.ም. በቸርችል ጎዳና አጠገብ በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማእከል ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው ከውጭ በሚመጡ የሐኪሞች ጓዶች ላይ የተደገፈ ነበር፤ ቀስ በቀስ የአገሩ ልጆች ተክተውታል።

ከልቡ ሌላ ደግሞ ቆዳና ነርቭም አሉ። ደሙ በደካማ ግፊት የሚዞርለት ሰው ለረጅም ሰዓት ባንድ ጎን ሲተኛ ተረከዙ፥ ወገቡና ማጅራቱ ከሌላው ሰው ፈጥኖ ይቆስላል። ክንዱ ከ90 ዲግሪ በላይ የተዘረጋ እንደሆነ የብብት ነርቮች ይወጠራሉ፤ ክርኑ በብረት ላይ ያረፈ እንደሆነ ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ደንዝዘው ይነቃል። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ጥቂት ጥጥና ጥቂት ትኩረት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እርስዎ ወይም የእርስዎ ሰው ለኦፕራሲዮን በተቀጠረ ጊዜ ከትራሱና ከዐቀበቱ ሌላ የሚነገር ነገር ይኖራል። በየወሩ ወይም በየሦስት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወስድ እንደሆነ፥ ቫልቩ ተቀይሮለት ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪንን የሚውጥ እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል፤ ደሙ የቀጠነ ሰው በአከርካሪው ላይ መርፌ ከተወጋ በውስጡ ደም ሊቋጥር ይችላልና። መድኃኒቱንም በራሱ ሥልጣን ማቆም የለበትም፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። «እንዳይደነግጥ» ተብሎ የልብ ሕመሙ ከራሱ ከሕመምተኛው የተደበቀበት ቤተሰብም አለ፤ ሕመምተኛው የማያውቀውን እንዴት ይናገራል?

አንድ ነገር ቀርቷል። ከወገብ በታች ደንዝዞ ወደ መኝታ ክፍሉ የተመለሰ ሰው «ራስህን እንዳታነሣ፥ ትራስ እንዳታደርግ፥ ራስ ምታት ይይዝሃል» የሚባልበት የቆየ ልማድ በብዙ ሥፍራ አለ። አስታማሚውም ይህን ሰምቶ ትራሱን ይነጥቀዋል። ዝርግ ብሎ መተኛት ያንን ራስ ምታት እንደማያስቀር በብዙ ምርመራ ታውቋል። ልቡ የታመመው ሰው ግን ሌሊቱን በዝርግ አልጋ ላይ ሲያቃስት ቢያድር ምክንያቱ ቁስሉ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አስታማሚ የሆኑ እንደሆነ ትራሱን ከመውሰድዎ በፊት ነርሷን ጠርተው «ይህ ሰው የልብ ሕመም አለበት፤ ቤቱ የሚተኛው በሦስት ትራስ ነው፤ ራስጌውን ምን ያህል ከፍ እናድርግለት?» ብለው ይጠይቁ።